በታናሽ ወንድም ስም የተቆረጠ ወረቀት

እትዬ ከአውቶቡስ ሾፌሩ አባታቸውና ከሆስፒታል ልብስ አጣቢዋ እናታቸው፣ ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ኅዳር 8 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። በስምንት ዓመታቸው ታናሽ ወንድም ሲወለድላቸው ከእናታችን እጅ ነጥቀው ያቀፉት እሳቸው ናቸው ይባላል። ያ ታናሽ ወንድም ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። እትዬ ማለት የጀመርኩትም እኔ ነኝ፤ ከእኔ ሰምቶ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ አላቸው፣ በዕድሜ የሚበልጧቸው ሳይቀሩ።

የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ አላጣሁትም። አክስታችን ትናንት አጠገቤ ተቀምጠው ሙት ወቃሽ እንዳልሆን፣ አጠር አድርጌ ደስ የሚለውን ብቻ እንድጽፍ መክረውኛል። ቤተ ዘመድም መክሮ ስለ ወረቀቱ ሥራ አንዲት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቶ ሰጥቶኛል። «በትርፍ ጊዜያቸውም የአርቲስት ወንድማቸውን ሥራ ያግዙ ነበር» ትላለች። ሰረዝኳት። እኔ ሙት አልወቅስም። ዛሬ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ሠላሳ ዓመት በእኔ ስም ሲሸጥ የኖረውን ወረቀት ማን እንደቆረጠው። ከዚያ በኋላ የሚቀየም ይቀየመኝ።

እትዬ ወረቀት መቁረጥ የጀመሩት በሰባት ዓመታቸው ነው። እናታችን በሆስፒታሉ የጓንት መጠቅለያ ሲጣል ንጹሕ ንጹሑን እየመረጡ ያመጡላቸው ነበር። ነጭ፣ ደረቅ ያለ ወረቀት ነው። እትዬ ግማሽ ምላጭ በፕላስተር ጠቅልለው መያዣ ሠሩለትና ቅጠሉንም፣ ዓሣውንም፣ መስኮቱንም ይቆርጡ ጀመር። አባታችን «ምላጬን ማን ወሰደው?» እያሉ ስንት ቀን ጢማቸው እንደተንጨበረረ ሥራ እንደገቡ ቤተ ዘመድ ያውቃል። ሌባዋን ያውቋት ነበር፤ ስለሚወዷት አልቆጧትም።

በ1958 ዓ.ም. ትምህርት ጀምረው በ1969 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። የሥዕል መምህራቸው ቤታችን ድረስ መጥተው ይህች ልጅ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ትግባ ብለው ለምነው ነበር። አባታችን ግን በዚያው ዓመት ወገባቸውን ታመው ከመሪው ላይ ወርደዋል። ስለዚህ እትዬ ስድስት ወር ታይፕ ተምረው፣ በ1970 ዓ.ም. በውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠሩ። በመጀመሪያ ደመወዛቸው የተገዛው የእኔ ጫማ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ወደ ፍሳሽ አቤቱታ መቀበያ ተዛወሩ፤ ጡረታ እስከወጡበት ቀን ድረስም ከዚያች መስኮት አልተነሡም። ክፍሏ ምድር ቤት ናት። በግራዋ የፍሳሽ መምጠጫ መኪኖች ይቆማሉ፣ በቀኟ የወንዶች ሽንት ቤት አለ። የሌላውን ሰው ቱቦ የሚጠግን መሥሪያ ቤት የራሱን ሽንት ቤት አንድም ቀን ሳያንጠባጥብ አሳድሮት አያውቅም። ግቢው በፍሳሽ የሞላበት ሰው ሁሉ ንዴቱን ይዞ የሚመጣው ወደ እትዬ ነበር። አንድ አከራይማ አላመናችሁኝም ብሎ ማስረጃውን በማርማላታ ጠርሙስ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ክዳኑ በደንብ አልገጠመም። እትዬ ጠርሙሱን በጋዜጣ ይዘው ወደ ዳር አደረጉት፤ ቀኑን፣ ሰፈሩንና የቱቦውን ቁጥር መዝገብ ላይ አሰፈሩ፤ ከዚያ ሰውዬውን ውሃ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቁት። አለቆቻቸው ፎቅ ላይ መስኮት ዘግተው እየዋሉ «እመት ቱቦ» የሚል ስም አወጡላቸው። ኤጭ! ሽታውን ተሸክመውላቸው እነሱ ደግሞ ስማቸውን ከሽታው ጋር አጣበቁት።

በ1976 ዓ.ም. የዚያው መሥሪያ ቤት ቀያሽ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ፤ በ1979 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ሚስታቸው ስትቆርጥ ትንፋሻቸውን ውጠው የሚቀመጡ ሰው ነበሩ፤ ወረቀቱ እንዳይነቃነቅ ማለት ነው። በ1990 ዓ.ም. በልብ ሕመም ተለዩን። ልጃቸው ዛሬ የመድኃኒት ባለሙያ ናት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከእናቷ ቀጥሎ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ እሷ ብቻ ናት።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። እትዬ የሚቆርጡት ጠዋት ጠዋት ነበር። ከቢሮ የመጣ እጅ ነጭ ወረቀት አይነካም ይሉ ነበር። ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተው፣ እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጥበው፣ ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ የመኪና ምንጣፍ ላስቲክ አንጥፈው እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይሠራሉ። ሁለት ሰዓት ላይ ቱቦአቸው ጋ ናቸው። ከአንድ ወረቀት፣ ያለ ምንም ሙጫ፣ ሲከፈት ዛፍ ብድግ የሚልበት፣ ዛፉ ላይ ወፎች የሰፈሩበት የሠርግ መጥሪያ ያወጣሉ። መጀመሪያ በእርሳስ የሚያመለክቱት የማይቆረጠውን ነው። ወፏን ከቅርንጫፉ፣ ጭንቅላቷን ከአካሏ ጋር የምታያይዘውን ቀጭን ወረቀት «ድልድይ» ይሏታል። ድልድይ ከተነካ የሥራው ነገር አለቀለት።

በ1983 ዓ.ም. ለአንዲት ባልደረባቸው ሠርግ ሠሩ። መጥሪያው የደረሰው ሰው ሁሉ ይህን ማን ሠራው እያለ ቤታቸውን ያንኳኳ ጀመር። በሁለት ዓመቱ ወሬው የመሥሪያ ቤቱ አስተዳደር ኃላፊ ዘንድ ደረሰ። ኃላፊው አስጠርተው ደንቡን አነበቡላቸው፤ ሠራተኛ ተደራቢ ሥራ አይሠራም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ሰጧቸው። በማስረጃነት የያዟትን ካርድ ግን ፋይል ውስጥ አላስቀመጧትም፤ ቤታቸው ወስደው ቡፌ ላይ አቆሟት። ኋላም የሁለት ሴት ልጆቻቸውን የሠርግ መጥሪያ እኔ ሱቅ መጥተው አዘዙ። ማን እንደሚቆርጠው እያወቁ «እጅህ ይባረክ» ብለው መርቀውኛል። ዛሬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። እንኳን መጡ፤ ይስሙት።

ማስጠንቀቂያው በተሰጠበት በ1985 ዓ.ም. እኔ ከዱቄት መጋዘን ሥራዬ ተባርሬ እትዬ ቤት እስከ ቀትር የምተኛ ጎረምሳ ነበርኩ። ንግድ ፈቃዱ በእኔ ስም ይውጣ ያሉት እሳቸው ናቸው። ለእሳቸው ከማስጠንቀቂያ መዳኛ፣ ለእኔ ደግሞ ከፍራሽ መነሻ ይሆናል ብለው ነው። ከፎቶኮፒ ቤት አጠገብ ባለ አንድ በር ሱቅ ተከራየን። ታፔላ ጻፊው ምን ልጻፍ ሲለኝ «አርቲስቱ የወረቀት ጥበብ» አልኩት። «አርቲስቱ» የምትለዋን ማንም አላዘዘኝም፤ ታደምቀዋለች ብዬ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል ጆሮዬ የት ሄዶ እንደነበር እንጃ።

ደንበኛ ሲሠራ ማየት ይወዳል። ስለዚህ እትዬ በየጠዋቱ አንድ ያለቀለት ሥራ፣ ሦስት ቦታ ብቻ ሳይቆረጥ ትተው ይሰጡኝ ነበር። የምቆርጠው ቦታ ላይ በእርሳስ ነጥብ ያደርጉልኛል። ሰው ሲገባ ግንባሬን ቋጥሬ፣ መነጽር አድርጌ፣ ነጥቧን ጫር! ወረቀቱ ይለቅና ዛፉ ብድግ ይላል። ሰው ያጨበጭባል። መነጽሩ ቁጥር የለውም፤ ከገበያ የገዛሁት ነው። ይህን ስጽፍ ራሴን ይዘገንነኛል፤ ያን ጊዜ ግን እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ከቴሌቪዥን መጡ። የካሜራው መብራት ሲበራ የእርሳሱ ነጥብ ጠፋብኝ። በግምት ስጭር ከላይ የነበረችውን ወፍ ድልድይ ቆረጥኩት፤ ጭንቅላቷ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አለ። ጋዜጠኛዋ ደንግጣ አየችኝ። ሰው ሲሳሳት ተሳሳትኩ ይላል። እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ጭንቅላት የሌላት ወፍ የዘመናችን ሰው ናት አልኩ። የጋዜጠኛዋ ዓይን እንባ አቀረረ። በሳምንቱ ሱቁ በሰው ተጨናነቀ፤ የመጣው ሁሉ የሚፈልገው ጭንቅላት የሌላት ወፍ ነው። ለሠርግ ታዘዘ፤ ለምረቃ ታዘዘ። አንድ የጥርስ ሐኪምም ለክሊኒኩ አዘዘ፤ ጭንቅላት የሌለው ነገር ለጥርስ ሐኪም ምን እንደሚያደርግለት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እትዬ መጀመሪያ እስኪያስላቸው ሣቁ። ሁለት መቶ ስትታዘዝ ሣቁን ተዉት። ወፎቻቸውን የሚያውቅ ያውቃል፤ ዛፉ፣ ቅጠሉ፣ ክንፉ ሁሉ የሚቆረጠው ጭንቅላቷ ወዴት እንደዞረች ታይቶ ነው። አንዷ ዞር ብላ ታያለች፣ አንዷ ጎረቤቷን ትሰማለች። ጭንቅላቱ ሲቀር የቀረው ሥጋ ቤት የተሰቀለ ነገር ነው አሉኝ። ጠዋት አንገት ስቆርጥ፣ ቀን ቱቦ ስሰማ ልውል ነው ወይ ብለውም አዘኑብኝ። ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፣ ሰው ይሰለቸዋል ብዬ ለመንኳቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ሆነ። እኔ ስሜ ገነነ፤ ንግግር አድርግ ተባልኩ፤ ስለ ዘመናችን ሰው ጭንቅላት አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ቆሜ ቀባጠርኩ። ከፊት ተቀምጠው ማስታወሻ ይዘው የጻፉ ሰዎችም ነበሩ።

እትዬ በ2011 ዓ.ም. ከአርባ አንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ በጡረታ ተሰናበቱ። መሥሪያ ቤቱ የሽኝት ዝግጅት አደረገላቸው። የግድግዳ ሰዓት ተሰጣቸው፤ ቀጥሎም ዋናው ስጦታ በጨርቅ ተሸፍኖ ወጣ። ጨርቁ ሲገለጥ ከእኔ ሱቅ የተገዛ፣ ባለ መስተዋት ፍሬም ውስጥ የገባ፣ ጭንቅላት የሌላት ወፍ ነው። እትዬ ከሦስት ሳምንት በፊት በገዛ እጃቸው የቆረጡት! እኔ መድረክ ላይ ተጠርቼ «ታዋቂው ወንድማቸው» ተብዬ አስረከብኳቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ እጅ ነሥተው አመሰገኑ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። አንጀት ያለው ሰው ቢሆን እዚያው ይናገር ነበር። እኔ ከእሳቸው ጋር ፎቶ ተነሣሁ።

በዚያው ቀን ወደ ቤት ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ለመኑኝ። ደንቡ ከእንግዲህ አይነካኝም፤ ታፔላውን አውርደህ «የእትዬ ወረቀት» ብለህ ጻፍልኝ አሉኝ። ሙሉ ስማቸውን እንኳ አልጠየቁም። እሺ አልኳቸው። ከዚህች ትዕዛዝ በኋላ አልኩ። ከዚያ ከኤግዚቢሽኑ በኋላ። ከዚያ ደግሞ ታፔላ ጻፊው ታሟል አልኩ። ሰውዬው ፈረስ የሚያህል ጤነኛ ነበር፤ በየቀኑ በሱቁ ደጃፍ ያልፋል። አራት ዓመት እሺ ስላቸው ኖርኩ።

በ2013 ዓ.ም. ኩላሊታቸው እንደደከመ ተነገራቸው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሆስፒታል እየተመላለሱ ደማቸው በመሣሪያ ይታጠብ ጀመር። ካረፉበት ዓመት መስከረም ላይ አንድ ትልቅ ሆቴል ለአዳራሹ ጣራ አርባ ወፍ አዘዘ፤ እያንዳንዷ ክንድ የምታህል፣ እርግጥ ጭንቅላት የሌላት። ሌላ ሰው ቢሆን እህቴ ታማለች ይል ነበር። እኔ ወረቀቱን ተሸክሜ አልጋቸው ድረስ ወሰድኩላቸው። ግራ ክንዳቸው በመርፌ አብጦ ወረቀት መያዝ ሲያቅተው ወረቀቱ ያረፈበትን ሰሌዳ ደገፍኩላቸው፤ ይህም እርዳታ ሆኖ ተቆጥሮልኝ «ወንድም እንዲህ ነው» ያለኝ ጠያቂ ነበር። ሠላሳ አንዱን እኔ እንዳልኳቸው ሠሩ። ሠላሳ ሁለተኛዋን ሲሰጡኝ ግን ጭንቅላት አላት። ወደ ኋላ ዞራ ክንፏን እያየች ነው። እትዬ ረስተውት ነው ብዬ፣ ደንበኛው ጭንቅላት አይፈልግም አልኳቸው።

«ደንበኛው ይቅርብህ» አሉኝ። «እኔ ጭንቅላት ያላት ወፍ ቆርጬ ልሙት።»

ዘጠኝ ሠሩ። አንዷ ከሌላዋ አትመሳሰልም። የመጨረሻዋን ሲጨርሱ ምላጩን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝና እንድጥለው ነገሩኝ፤ ሕፃን እንዳያገኘው አሉ።

ሰዎች፣ አሁን የምናገረውን አክስታችንም አልሰሙም። ዘጠኙን ወፎች ሱቅ ወስጄ፣ በሩን ዘግቼ፣ በመቀስ ጭንቅላታቸውን ቆረጥኩ። ውል ውል ነው ብዬ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ነጥብ ሳይደረግልኝ በገዛ እጄ የቆረጥኩት እሱን ብቻ ነው። እትዬ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው የሠሩትን፣ በዚያ ባበጠ እጅ! ሆቴሉ በታኅሣሥ ተመረቀ፤ አጨበጨባችሁልኝ። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። እትዬ በቴሌቪዥን አዩት። አርባዎቹንም ቆጠሩ አለችኝ ልጃቸው። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አስጠፉ።  ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በስልሳ አራት ዓመታቸው፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘቻቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በዚያች ሰዓት እኔ ሱቅ ነበርኩ፤ ግንባሬን ቋጥሬ፣ የቆየ ወረቀት ይዤ።

ልጃቸው ትናንት ለዚህ ጽሑፍ የሚሆን ፎቶ ልትፈልግ ሱቅ መጣች። መሳቢያውን ስትከፍት በፖስታ ያስቀመጥኳቸውን ዘጠኝ ጭንቅላቶች አገኘች። ለምን እንዳልጣልኳቸው አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። የሁሉንም አቅጣጫ እያስተካከለች ብዙ ቆየች። አላለቀሰችም።

«አጎቴ» አለችኝ፣ «እናቴን ነገ እኔ እቀብራታለሁ። አንተ ደግሞ አርቲስቱን ቅበረው።»

እንግዲህ የምትሰሙት የእሱን ቀብር ነው። ቤት ውስጥ፣ ቢሮ ግድግዳ ላይ፣ አልበም ውስጥ ያስቀመጣችሁት የሠላሳ ዓመት ወረቀት ሁሉ የእትዬ ነው። ለእኔ የተሰጠው ምስክር ወረቀት የእሳቸው ነው፤ እኔን በአክብሮት ያያችሁበት ዓይን ለእሳቸው የሚገባ ነበር። ሰኞ ለአውሮፕላን ማረፊያው የሁለት መቶ ወፍ ውል ልፈርም ነበር። አዛዦቹ እዚህ ስላላችሁ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ አልፈርምም። ልፈርም ብልስ ማን ሊቆርጥላችሁ?

ከእትዬ በኋላ በሕይወት የቀሩት አንዲት ሴት ልጃቸው፣ አንድ የልጅ ልጃቸው፣ አንዲት አክስታቸውና አንድ ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። ልጃቸውን አጽናኑልን። የልጅ ልጃቸውን አቅፉልን። አክስታቸውን ደግፉልን። ታናሽ ወንድማቸውን ግን እጁን ጨብጣችሁ «አርቲስቱ» አትበሉት፤ አርቲስት የሚባሉት እዚህ የተኙት ናቸው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ በሥራቸው ልክ፣ በራሳቸው ስም ይጥራቸው። ታናሽ ወንድማቸው ወረቀት መቁረጥ አይችልም።